ክረምት ከበጋ ከጎረቤት ጋር

ጧት ሳይነጋ ወጥታችሁ ማታ ከመሸ የምትገቡ ሠራተኛ እኅቶቼ፤ ለመሆኑ ወቅት መለወጡን በምን ታውቁታላችሁ? የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ነው ወይስ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ዝናቡ ጫማችሁ ውስጥ ሲገባ? ጥያቄው የዋዛ እንዳይመስላችሁ። እናቶቻችን የወቅቱን መለወጥ የሚያውቁት በአፍንጫቸውና በጆሯቸው ነበር። የልጆች ጅራፍ ሲጮኽ ቡሄ መቃረቡን፣ ከአጥር ማዶ የተልባ ሽታ ሲመጣ ጾም መግባቱን፣ የጎረቤት ሙቀጫ አላስተኛ ሲል ፋሲካ መድረሱን ማንም ሳይነግራቸው ይረዱት ነበር። በዚያው አፍንጫና ጆሮ ሌላም ነገር ያውቃሉ። «የእገሊት ጓዳ ዛሬ ጭስ አልወጣበትም፤ ታማ ይሆን?» «የእነ እገሌ ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ ሆዱን ይሆን?» ይባባላሉ። ይህን ወሬ ብለው የሚንቁ አሉ። እኔ ግን ስንት ሰው በዚህ ወሬ ከሞት እንደተረፈ ቤት ይቁጠረው እላለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። እኛ የከተማ እናቶች ይህን አከፋፈል ሳንቃወም የራሳችንን ጨምረንበታል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉበት ወቅት አለ፤ የማይውሉበት አለ። በርበሬ የሚገዛበት አለ። የደብተርና የደንብ ልብስ ወጪ ከበዓል ወጪ ጋር የሚጋጭበት መስከረም የሚባል ወር አለ፤ ስለ እርሱ ዝም ብል ይሻላል።

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተጀመረበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችን ከአሮጌው ሰፈር ወጥተን ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን በመደረጉም በስሟ የተመዘገበ ቤት ኖሯት የማታውቅ ሴት ቁልፍ ተረክባ ስታለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አሮጌውን ሰፈር ሳሞግስ ወደዚያ እንመለስ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ለስንት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ፣ በክረምት ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባ ጎርፍ ማን ይናፍቃል? ይህን የሚናፍቅ ሰው ካለ እዚያ ውሃ ቀድቶ፣ ልብስ አጥቦ፣ ጭቃ ጠርጎ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የሆነው ሆኖ ኮንዶሚኒየሙ አንድ ነገር ነሥቶናል። ጭሱ የለም። ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው፤ በሩ ብረት ነው፤ ግድግዳው ዝም ያለ ነው። አንዱ ፎቅ ላይ ሰው ሲወልድ ከላይ ያለው የሚሰማው በክርስትናው ዕለት ነው። በዚያ ላይ ሁላችንም ከከተማው ዳር ስለሆንን የቀናችን እኩሌታ በመንገድ ያልቃል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደርሽ» ተባብለን እንተላለፋለን፤ እርሱም ከተገናኘን ነው።

ይህ እንደሚመጣ ሕንፃዎቹን የነደፉት ሰዎች ያሰቡበት ይመስለኛል። በየብሎኮቹ መካከል ሕዝቡ «ኮሚናል» የሚለው ዝቅ ያለ የጋራ ሕንፃ የተሠራው ለዚህ ነው። በበዓል በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚደረግበት ቦታ ነው ተብሎ ነው። በብዙ ቦታ ግን ዛሬ ኮሚናሉ ወይ ሱቅ ሆኗል፣ ወይ መጋዘን፣ ወይ ተቆልፎ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የዛሬው ጨዋታዬ እኛ በምንኖርበት ግቢ በዚሁ ኮሚናል ዙሪያ ከነሐሴ 2016 እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ስለሆነው ነገር ነው።

በብሎካችን «እማማ» ሲባል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚታወቀው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር የሄዱባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚውሉ ባልቴት ናቸው። ከእርሳቸው በታች ምድር ቤት የምትኖረው ደግሞ የመንትዮቹ እናት ነች። ቤቷ ሆና ሳምቡሳ እየጠበሰች ለሱቆች ታስረክባለች። የመንትዮቹ እናት ሙስሊም ናት። ይህን የምጠቅሰው ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ ይህን ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ትንንሽ ልጆች እንኳ «እኔም እጾማለሁ» ብለው እስከ ቁርስ ሰዓት የሚጾሙት የተወደደ ጾም ነው። እማማም በየቀኑ ወደ እኩለ ቀን ግድም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ደረጃው ላይ ኳ፣ ኳ እያደረጉ ወደ ቅዳሴ ይወርዳሉ። ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ የመንትዮቹ እናት ሳምቡሳዋን እየጠቀለለች ሳለ ያ የምርኩዝ ድምፅ ቀረባት። ዝናብ ስለነበረ ዘግይተው ይሆናል አለች። ሰባት ሰዓት ሆነ። እጇን ጠርጋ ወጣች፤ በሩን አንኳኳች፤ መልስ የለም። «እማማ! ዛሬ ማርያም አይሄዱም እንዴ?» ብላ ስትጮኽ ከውስጥ ሲቃ የመሰለ ድምፅ ሰማች።

ዘበኞቹ ተጠሩ፤ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራ በያጅ መጥቶ ቁልፉን ሰበረ። እማማ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ወድቀው ነበር። በእኛ ግቢ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ጀሪካን ሊሞሉ ተነሥተው አንሸራቷቸዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ክንዳቸው ተሰብሮ፣ ወገባቸው ተመትቶ፣ ሲሚንቶ ላይ ተኝተው ነበር። የወደቁት በጾም ሳምንት በመሆኑ ከቀደመው ምሽት ወዲህ እህል ውሃ አልቀመሱም። ሐኪም ቤት ሲደርሱ እስከ ማታ ሳያገኛቸው ሰው ቢቀር ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ሐኪሙ ፊት ለፊት ተናግሯል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ማታ ከሥራ ስመለስ ነው። አጠገባቸው የሚኖሩት ባልና ሚስትም እንደ እኔው ከሥራ ሲመለሱ ነው የሰሙት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የመንትዮቹ እናት ፍልሰታን አትጾምም። ፍልሰታ መግባቱን ግን ታውቃለች። በፍልሰታ እማማ በስንት ሰዓት እንደሚወርዱ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ታውቃለች። የእኔ ሃይማኖት ስላልሆነ አይመለከተኝም ብላ ቢሆን ኖሮ የዚያን ዕለት የደረጃው ዝምታ ለእርሷ ዝምታ ብቻ በሆነ ነበር። ስለ ጉርብትና ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ የለም። የራስን ጾምና በዓል ጠንቅቆ መያዝ ማንም የሚያደርገው ነገር ነው። የጎረቤትን ወቅት ማወቅ ግን ሌላ ነው።

እማማ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ተራ ወጣ። ስንቅ የሚያቀርበው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ሌሊት አብሮ የሚያድረው ተለየ። የእኔ ተራ ሐሙስ ማታና እሑድ ነበር። ችግሩ እማማ ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም ማለታቸው ነው። ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ፣ መድኃኒቱ ምግብ የሚፈልግ ሆኖ ሳለ «እመቤቴ ታዝንብኛለች» ይላሉ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡና «እናቴ፣ ለታመመ ሰው ጾሙ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ነው» ብለው አዘዟቸው። የመንትዮቹ እናት አጥሚት ሠርታ በየጧቱ ታመጣለች። በሩ ላይ ሆና ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፦ «ቅቤ የለበትም፤ ወተትም የለበትም፤ ድስቱም አዲስ ነው።» እማማም «አውቄያለሁ ልጄ፣ በየቀኑ አትማዪልኝ» ይሏታል።

በዚያው ሰሞን ቡሄ መጣ። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል፤ አባባሉ አዲስ አበባን የሚያውቅ አልመሰለኝም። ነሐሴ 12 ማታ የግቢው ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደረጃውን በዱላ እየደበደቡ ከፎቅ ፎቅ ወጡ። የሲሚንቶ ደረጃ ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስተጋባ ያልሰማ ሰው አይገባውም፤ አምስተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ ሰውዬ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት በፒጃማ ወጥቶ ነበር። ሙልሙሉ ከዳቦ ቤት የተገዛ ነው። ይሁን። ልጆቹ ግን የየበሩን ባለቤት በስም እየጠሩ ሲያወድሱ ከእኛ ከትልልቆቹ ይልቅ የሰዉን ስም የሚያውቁ እነርሱ መሆናቸውን ታዘብኩ።

ስለ ልጆች ከተነሣ የክረምቱን ትልቅ ጭንቀት ላንሣ። ትምህርት ቤት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘጋል። የእናት መሥሪያ ቤት ግን አይዘጋም። እኅቶቼ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ላዩ ላይ ቆልፋችሁበት ሄዳችሁ ቢሮ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? የምትጽፉት ፊደል ወረቀቱ ላይ አይታያችሁም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብ ይወርዳል። በአሮጌው ሰፈር ልጅ ደጅ ይውላል፤ የሰፈሩ እናት ሁሉ ዓይኗን ትጥልበታለች፤ ሲያጠፋ ትቆጣዋለች፤ ሲርበው ታጎርሰዋለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ደጅ የለም።

በ2016 ክረምት በግቢያችን ጥቂት ሠራተኛ እናቶች ተመካክረን የኮሚናሉን አዳራሽ አስከፈትን። ወንበር ከዕድሩ ተዋስን። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጧት ጧት ንባብና ሒሳብ ሊያስጠኑ ፈቃደኛ ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ለዕረፍት የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጆቹን ትይዛለች፤ ለእርሷ ሁላችንም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እናዋጣለን። እማማም ከወደቁ በኋላ በአንድ እጅ ጥጥ መፍተል ስለማይቻል ቀኑን ከዚያ መዋል ጀመሩ። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ወጪ ገቢውን ይቆጥራሉ። ያለ እርሳቸው ፈቃድ ልጅ አይወጣም። ሦስት ጊዜ ተረት ይነግራሉ፤ አራተኛውን ሲጠየቁ «ተረት በቀን ከበዛ ላም ይጠፋል» ብለው ይከለክላሉ። ይህ አባባል የእናቶቻችን ይሁን የራሳቸው ፈጠራ አላረጋገጥኩም።

ታዲያ በጳጉሜን፣ ልጆች በዝናብ ሲታጠቡ፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ ስናስብ፣ ደረጃው ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አዳራሹ ለአንድ ነጋዴ ዕቃ ማከማቻ እንዲከራይ ኮሚቴው ሐሳብ ማቅረቡንና ነዋሪው በስብሰባ እንዲወስን የሚጠይቅ ነው። ለኮሚቴው ፍትሕ መስጠት አለብኝ፤ ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። የውሃ መግፊያው ሞተር በየወሩ ይበላሻል። የዘበኞቹ ደመወዝ ይጎድላል። መዋጮ የሚከፍለው ሰው ከማይከፍለው ያንሳል። የኪራዩ ገንዘብ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። እማማ የወደቁት ውሃው በሌሊት ስለመጣ አይደለምን? ሞተሩ ቢሠራ ኖሮስ? የሚል ሰው ተሳስተሃል ሊባል አይችልም።

ስብሰባው ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተደረገ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሰዉም ከወትሮው በዛ ብሎ መጥቷል። መጀመሪያ የተናገሩት ወንዶች ናቸው፤ ይህም አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ጠና ያሉ ሰው ተነሥተው «ለቅሶ በድንኳን ይደረጋል፤ በግም በየበረንዳው ይታረዳል፤ ልጆችም በየቤታቸው ይዋሉ፤ አዳራሽ ለምን ያስፈልገናል?» አሉ። ከኋላ በኩል በጽዳት ሥራ የምትተዳደር አንዲት እናት «ጋሼ፣ በየቤታቸው ከማን ጋር?» አለቻቸው። ሰውዬው መልስ ፍለጋ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ፤ ሊቀ መንበሩ ወደ ወረቀታቸው ዞሩ።

ሌላዋ ደግሞ «በርበሬያችንንስ የት ልናሰጣ ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዳንዶች ሳቁ። የሳቁት በርበሬ ተዘጋጅቶ ሲመጣላቸው የሚበሉ ናቸው። ዛላ በርበሬ ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ደልዞ፣ እንደገና አድርቆ፣ ቀምሞ ማስፈጨት የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በእኛ ግቢ ይህ የሚደረገው ኮሚናሉ ፊት ለፊት ባለው ሲሚንቶ ላይ ነው። በየዓመቱ በበጋው መግቢያ ሴቶቹ ጆንያቸውን አውርደው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ክብ ሠርተው ይቀነጥሳሉ። ነጭ ሽንኩርቱ ይላጣል፤ ዝንጅብሉ ይወቀጣል፤ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ይለካል። መንገደኛው ሁሉ ያስነጥሳል። የአንዷ ጉልበት ለሌላዋ ነው፤ ዛሬ የእኔ፣ ነገ የእርሷ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወሬው ነው። የማን ባል ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ እንዳስቸገረ፣ የማን ደም ግፊት እንደጨመረ የሚታወቀው እዚያ ነው።

በዚህ ጊዜ እማማ ያልተሰበረ እጃቸውን አወጡ። ሊቀ መንበሩ «እማማ፣ ተቀምጠው ይናገሩ» አሉ። እርሳቸው ግን ቆሙ። «እኔ ብዙ አልናገርም። ይህች ልጅ» ብለው ወደ መንትዮቹ እናት አመለከቱ፤ «ይህች ልጅ የምርኩዜን ድምፅ ከየት ለመደችው? ጾሜንስ ማን ነገራት? እዚያ በርበሬ ስንቀነጥስ አይደለም? እናንተ ዕቃ ልታስገቡበት ነው፤ ደግ ነው። ዕቃ ግን ሰው ሲወድቅ አይሰማም» አሉና ተቀመጡ።

ይህ ተነግሮ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ዳነ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ክርክሩ እስከ ስምንት ሰዓት ቆየ። የሞተሩ ነገር አልጠፋም። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፦ ከኋላ ያለችው ትንሽ ክፍል ለአንድ ልብስ ሰፊ ትከራይ፤ አዳራሹ ግን እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ይቆይ፤ እስከዚያ ድረስ አዳራሹን የፈለጉት ሰዎች ለሞተሩ የሚሆን መዋጮ ከየቤቱ ይሰብስቡ፤ ካልሰበሰቡ ይከራይ። «የፈለጉት ሰዎች» የተባሉት እነማን እንደሆኑ መገመት አያቅታችሁም። ከሥራ መልስ፣ እራት ሳይሠራ፣ ደብተር ይዘን ደረጃ መውጣትና መውረድ የእኛ ዕጣ ሆነ። አንዱ በር ይከፍታል፤ አንዱ ውስጥ ሆኖ ትንፋሹን ይውጣል። የጋራ ነገር ሁሉ የሚቆመው በሴት ጉልበት የሚሆንበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም። የቁልፍ ተረኞች ዝርዝር ሲወጣ አሥራ አንዱም ሴቶች ነበሩ። በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «እኔም ሳምንት ልያዝ» ብሎ መጣ፤ አሥራ ሁለት ሆንን።

ኅዳር 12 ቀን ደረሰ። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ ከየት እንደመጣ ለልጆቻችን የምንነግር ስንቶቻችን ነን? በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር በዓለም የተሰራጨው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው ያለቀበት ያ ወቅት «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ቀረ። የየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ በኅዳር ሚካኤል ዕለት የሚቃጠለውም የዚያ መታሰቢያ ነው። ጭሱ ለሕፃናት ሳንባ ደግ እንዳልሆነ ዛሬ ስለምናውቅ እኛ አላቃጠልንም። ጠረግን፤ የተዘጋውን የውሃ መውረጃ ከፈትን፤ ቆሻሻውን ለሚያነሡት ማኅበራት አስረከብን። መምህሩ ለልጆቹ ታሪኩን ሲነግሩ አንዱ መንታ «እንደ ኮሮና ነው?» ብሎ ጠየቀ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር እርሱ ገና ሕፃን ነበር። እኛ ግን የዚያን ዓመት ፋሲካ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ በየቤታችን ተዘግተን ስንውል አልረሳነውም። ያን ጊዜ በራችንን የዘጋነው ለጎረቤት አዝነን ነው። መልሰን መክፈቱ ነው የዘገየው።

በጋው አጋመሰ። በርበሬው ተሰጣ፤ ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። ከዚያ በ2017 ዓ.ም. አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሰኞ ሲገባ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 22 ቀን ቅዳሜ ገባ። የሙስሊሙ ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ረመዳን ከእኛ ዓመት በየጊዜው ወደ አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። አንዳንዴ በክረምት ብርድ፣ አንዳንዴ በበጋ ሐሩር ይጾማል። ሁለቱ ጾሞች እንዲህ ጎን ለጎን ሲገቡ ማየት ሁልጊዜ አይገኝም።

በግቢያችን ያኔ አንድ ነገር ልብ አልኩ። በፋሲካና በዒድ፣ በደስታው ቀን፣ ሥጋው ስለሚለያየን ማዕዳችን ለየብቻ ነው። እንመራረቃለን፤ ዳቦና ለስላሳ እንላላካለን፤ ዋናውን ወጥ ግን አብረን አንቆርስም። በጾም ግን የእኛ ወጥ ሽሮና ምስር ነው፤ ያን ማንም ይበላዋል። ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አዳራሹ ውስጥ ቴምርና የአጃ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ ቀረበ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ የእኛም ሰዎች እጃቸውን አብረው ዘረጉ። በፍስኩ የምንለያይ ሰዎች በጾሙ አንድ ትሪ ከበብን። እማማ ስልጆው ሰናፍጭ በዛበት ብለው ተቆጡ፤ የሠራሁት እኔ ነኝና ዝም አልኩ።

የመዋጮው ነገር እንዴት ሆነ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተጠገነ፤ ሦስተኛውን ግንቦት ላይ ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት በጀሪካን ከረምን። ከየቤቱ የተሰበሰበው ገንዘብ ከኪራዩ ያንሳል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ሰኔ 30 በተደረገው ስብሰባ አዳራሹ ለአንድ ዓመት እንዲቀጥል የተወሰነው በጥቂት እጆች ብልጫ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሆን ዋስትና አልነበረንም። ሁለት ሴቶች «ደክሞናል» ብለው ከቁልፍ ተራ ወጥተዋል፤ አልፈረድኩባቸውም።

ሐምሌ 2017 የክረምቱ ዝናብ እየዘነበ የልጆች ምዝገባ ጀመርን። የዚያን ሳምንት ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር። እማማ ከበሩ አጠገብ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ እንዝርታቸውን እየሾሩ ተቀምጠዋል። ሃያ ሦስት ልጆች ከተጻፉ በኋላ በሩ ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ቆሙ። «ልጆች በየቤታቸው ይዋሉ» ያሉት ሰው ናቸው። ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን በግራና በቀኝ ይዘዋል። እናታቸው ሥራ መጀመሯን ነገሩኝና «ለጊዜው ነው» አሉ። እማማ ቀና ብለው አዩአቸውና ወንበር ሳቡላቸው። ልጆቹን ሃያ አራተኛና ሃያ አምስተኛ ብዬ ጻፍኳቸው።